መልስ፦ ከሰዓት በኋላ ለሚዝለው የፍሪስቢ ቡድን

ቡድናችሁ በውድድር ቀን ጠዋት እያሸነፈ በሦስተኛው ጨዋታ ለምን እንደሚዝል ጠይቀሃል። የምትዝሉት ያው ሰባት ልጆች ስለሚሮጡ ነው። በአልቲሜት ፍሪስቢ፣ ማለትም ሰባት ለሰባት ሆነው ዲስክ (ዝርግ የፕላስቲክ ሳህን) እያቀባበሉ በሚጫወቱት ጨዋታ፣ ከእያንዳንዱ ነጥብ በኋላ ሰባቱንም መቀየር ይፈቀዳል። ተጠቀሙበት።

ቡድኑን ለሁለት ክፈለው፦

1. ዲስኩን ስትቀበሉ የሚገባ

2. ዲስኩን ለተጋጣሚ ወርውራችሁ ስትጀምሩ የሚገባ፤ ሯጮቹን እዚህ አድርጋቸው

በሁለቱም ውስጥ ተረጋግተው የሚያቀብሉ ሁለት ሁለት ልጆች ይኑሩ። ያለነሱ፣ ነፋስ ሲነሳ ዲስኩ እጃችሁ ላይ አይቆይም። ነጥብ ሳይቆጠር ጨዋታው ረዝሞ ልጆቹ ማለክለክ ሲጀምሩ ደግሞ ዲስኩን የያዘው ልጃችሁ ታይምአውት (አጭር እረፍት) ይጥራ።

አደራ፣ ጀማሪዎቹን በጠዋቱ ጨዋታ አስገባቸው። ቀኑን ሙሉ ዳር ተቀምጦ ለፍጻሜው የተጠራ ልጅ እግሩ ቀዝቅዟል፣ ዲስክ ሲይዝም እጁ ይንቀጠቀጣል። ደጋግሜ አይቻለሁ፤ አንጀት ይበላል።