ቺንጋው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለምን ተቃጠለ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ያገለገለ 500 ሲሲ ባለ አራት ጎማ ሞተር (ኤቲቪ) ገዝቼ ከፊቱ የበረዶ መግፊያ ምላጭ አስገጥሜለታለሁ። የራሴንና የጎረቤቶቼን መግቢያ የምጠርገው በሱ ነው። በአንድ ክረምት ሁለት ቺንጋ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው የጎማ ቀበቶ) በላብኝ። ሁለተኛው ገና አልተበጠሰም፤ ግን ከቆመበት ሲነሳ ነቅነቅ ነቅነቅ ያደርገዋል፣ የተቃጠለ ጎማም ይሸታል። ጓደኞቼ «የቺንጋ ካምቢዮ አይታመንም፣ ሽጠህ ባለ ማርሽ ግዛ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ለመሸጥ አይቸኩሉ። ሦስተኛ ቺንጋም ገና አይግዙ። መጀመሪያ የቺንጋውን ክዳን ከፍተው ያለውን ያውጡትና ዙሪያውን በጣትዎ እየዳሰሱ ይመርምሩት። ሌላው ገጹ ደህና ሆኖ አንድ ቦታ ላይ፣ ጥቂት ጣት በሚሆን ርዝመት፣ ግራና ቀኙ ተበልቶ እንደ ጀበና አንገት የቀጠነ ክፍል ያገኛሉ ብዬ እገምታለሁ። ነቅነቅ ነቅነቅ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ቀጭኑ ቦታ ፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ጎማ መሰል ብረት) ውስጥ በገባ ቁጥር ቺንጋው ሰመጥ ብሎ ይወጣል።

እንዴት እንደሚቃጠል ለማየት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ፑሌጃ የሞተሩ ዘንግ ላይ፣ ሌላው የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት ሳህኖች አሉት፤ አንዱ ቋሚ፣ ሌላው ተንሸራታች። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት፣ ሲሠራ የሞተሩ ፑሌጃ ሳህኖች ተራርቀው ቺንጋው ላልቶ ይቀመጣል። ነዳጅ ሲሰጡ ውስጡ ያሉት ክብደቶች ወደ ውጭ ይወረወሩና ተንሸራታቹን ሳህን ይገፉታል፤ ሳህኖቹ ቺንጋውን ከጎንና ከጎን ቆንጥጠው ይይዙታል። በመላላትና በመያዝ መካከል ያለችው አጭር ጊዜ መንሸራተት ናት። የቺንጋ ዕድሜ የሚያልቀው በብዛት እዚያች ላይ ነው።

ምላጩ የበረዶ ክምር ላይ ሲደገፍ ጎማው ይቆማል። ጎማው ከቆመ የካምቢዮው ፑሌጃም ቺንጋውም ቆመዋል። የእርስዎ አውራ ጣት ግን ነዳጁን አልለቀቀም፤ ስለዚህ የሞተሩ ፑሌጃ በቆመው ቺንጋ ጎን ላይ እየተፋተገ ይዞራል፣ ያንኑ አንድ ቦታ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ጥቂት ሰከንድ በቂ ነው። ሽታው የሚመጣው ጉዳቱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ እንደ ማስጠንቀቂያ አይቁጠሩት።

መድኃኒቱ ሎው ማርሽ ነው፤ ለዝግታና ለከባድ ሥራ የሚሆነው። በረዶ ሲገፉ ሁልጊዜ ሎው፣ «ትንሽ ስለሆነ» ብሎ ሃይ (የፍጥነቱ ማርሽ) የለም። ሎው የሚገኘው ካምቢዮው ውስጥ፣ ከቺንጋው በኋላ ነው፤ ጉልበቱን የሚያበዛው ብረቱ ማርሽ ስለሆነ ቺንጋው ቀለል ያለ ጭነት ይዞ ፈጠን ብሎ ይዞራል፣ ቶሎም ይያዛል። የኤቲቪ አምራቹ ፖላሪስ በመመሪያዎቹ የሚሰጠው ልክ በሰዓት 11 ኪሎሜትር ነው፦ ከዚያ በታች የሚነዱ ከሆነ፣ ከባድ ነገር የሚጎትቱ ወይም የሚገፉ ከሆነ ሎው። ኤቲቪውን ፒክአፕ ላይ ሲጭኑም እንዲሁ። ብዙ ደህና ቺንጋ የሚሞተው በሃይ መወጣጫ ሳንቃ ላይ እየተንፏቀቀ ነው።

ነዳጅ አሰጣጥም ለውጥ ያመጣል። ብዙ ሰው ለማሽኑ የሳሳ መስሎት ቀስ እያለ፣ እየጨመረ እየቀነሰ ይነሳል፤ ይህ ቺንጋውን በመንሸራተቻዋ ጊዜ ውስጥ ያቆየዋል። ቆረጥ ባለ ጣት ተነስተው ወዲያው እንዲይዝ ያድርጉት። ክምር ሲነኩና ጎማው ሊቆም ሲል ደግሞ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ ምላጩን ያንሱ፣ ወደ ኋላ ይመለሱ፣ ትንሽ በትንሽ ይውሰዱት።

እኔ የገመትኩት ቀጭን ቦታ ከሌለ የቺንጋው ገጽ ሌላ ነገር ይነግርዎታል። ጎኑ ሁሉ እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ ውሃ ወይም ሙቀት እያንሸራተተው ነው። ክረምት ላይ የማቀዝቀዣ አየር መሳቢያው ቱቦ ዱቄት በረዶ ይስባል፤ ውስጥ ገብቶ ይቀልጣል። ቱቦው በበረዶ ከተደፈነም አየር ስለማይገባ ፑሌጃው ይግላል። አንድ ጠርዝ ብቻ ተቦጭቆ ክሩ ከወጣ ፑሌጃዎቹ ትይዩ አይደሉም፤ የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎች ይመልከቱ፣ ተቀድደው ሞተሩ ተንሸራቶ ይሆናል። ዘይት ከነካው ከፑሌጃው ጀርባ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ አልቋል፤ እሱ ሳይቀየር አዲስ ቺንጋ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። የጥርሱ ሥር መሰንጠቅ ደግሞ የእርጅና ወይም የብርድ ነው። በከባድ ብርድ ያደረ ቺንጋ ግትር ስለሚል ጠዋት ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ አሙቀው፣ ሳይጭኑት ትንሽ ነድተው ነው ሥራ የሚጀመረው።

ውሃ ከገባ ከክዳኑ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ይክፈቱ፣ ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርገው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ነዳጅ ይስጡት፣ ወደ ሚኒሞ ይመልሱት፣ ከዚያ በሎው ይሞክሩት። አሁንም ከተንሸራተተ ይድገሙት።

ወደ ቅየራው ስንመጣ፣ አብዛኛው ሰው የሚዘለው ጽዳቱን ነው። የተቃጠለ ቺንጋ ክር ይተፋል፤ ክሩ ከፑሌጃው ጀርባ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ የዘይት ማገጃውን ይቆርጣል። በቶርች አይተው አንድ ሳይቀር ይልቀሙት፣ የአየር ቱቦዎቹንም። የቺንጋ ዱቄት በአየር ሲነፉ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። የሳህኖቹን ፊት በፍሬን ማጠቢያ ፈሳሽና በአረንጓዴው ሻካራ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ፈትገው የቀለጠውን ጎማ ያስለቅቁ። በጥፍርዎ ሲዳስሱት ጉድጓድ ከተሰማዎ ፑሌጃው ራሱ ተበልቷል። ግራሶም ሆነ «ቺንጋ እንዳይንሸራተት» ተብሎ የሚሸጥ ርጭት አይቀቡ።

አዲሱን ቺንጋ በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ሳሙና አጥበው ያድርቁት፤ ከፋብሪካ የወጣበት ቅባት አለው። ቀስቱ ሞተሩ ወደሚዞርበት ይሁን። የካምቢዮውን ፑሌጃ በመክፈቻ ቡሎኑ አስፍተው ያስገቡት፣ ቡሎኑን አውጥተው ቺንጋው ወደ ፑሌጃው ጠርዝ እስኪወጣ ፑሌጃውን በእጅ ደጋግመው ያዙሩት። ክዳኑ ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሳ ማርሽ ሲያስገቡ ከተንኳኳና ኤቲቪው በሚኒሞ ወደፊት ከተሳበ ቺንጋው ጠብቋል፤ ካምቢዮውን ከመውቀስዎ በፊት እሱን ያስተካክሉ። ሁለት ቺንጋ ስለበላ ክብደቶቹንና ሞላውንም ይዩ፦ ክብደቱ በአንድ ጎን ጠፍጥፎ ከሆነ ይቀየር።

የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎሜትር ያለ ከባድ ጭነትና ያለ ሙሉ ነዳጅ ይንዱት።

ጓደኞችዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ይህ አሠራር ኤቲቪ ላይ የመጣው ከበረዶ ሞተር (በረዶ ላይ እየተንሸራተተ ከሚነዳው) ነው፤ እዚያው ሚኒሶታ፣ ሮዞ ከተማ ውስጥ የተመሠረተው ፖላሪስ እ.ኤ.አ. በ1985 የመጀመሪያ ኤቲቪዎቹን ሲያወጣ የበረዶ ሞተሩን የቺንጋ አሠራር ነው ይዞ የመጣው። ፈጥኖ ለሚሄድ ማሽን የተስማማ ነው፤ ቆሞ መግፋት አይወድም። ያማሃ ለዚህ መላ አበጅቶለታል፦ ቺንጋው ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይኖራል፣ መንሸራተቱን የሚሸከመው ዘይት ውስጥ ያለ ፍሪሲዮን ነው። ሆንዳ በሥራ ኤቲቪዎቹ ላይ የብረት ማርሽ ይጠቀማል። ቀኑን ሙሉ ክምር የሚገፋ ሰው ቢጠይቀኝ ከሁለቱ አንዱን እመክረው ነበር። ለጥቂት መግቢያዎች ግን የእርስዎ ይበቃል፤ የነዚያ ፍሪሲዮን ሲያልቅ ዘይት አፍስሶ የሞተር ክዳን መክፈት አለ፣ ቺንጋ ግን ጋራዥ ሳይኬድ ይቀየራል። አዲስ አበባ ላይ ስለ ቪትዝ መኪና ሲቪቲ (የቺንጋ ካምቢዮ) የሚወራውንም እዚህ አያምጡት። የቪትዙ ቺንጋ ብረት ነው፣ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ በሽታቸው አይገናኝም።

ሁለት ቺንጋ ይግዙ። አንዱን በበጋ 50 ኪሎሜትር ነድተው ያላምዱት፣ የሚዞርበትን አቅጣጫ በነጭ ቀለም ምልክት አድርገው ከመክፈቻ ቡሎኑ ጋር መቀመጫው ሥር ያስቀምጡት። በረዶ መሃል ሲበጠስ የሚገባው ቺንጋ ወዲያው ጭነት ስለሚያገኘው አስቀድሞ የተላመደ መሆን አለበት።