ሁለቱ ቫለንቲና ሼቭቼንኮዎች

ጥያቄ፦ ቫለንቲና ሼቭቼንኮን የማውቃት በዩኤፍሲ (የድብልቅ ማርሻል አርት ፍልሚያ ውድድር) ተፋላሚነቷ ነው። ወንድሜ ግን የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ናት ብሎ ሙጭጭ አለ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም! ስም ገጥሞ ነው። ተፋላሚዋ የኪርጊዝስታን ልጅ ናት። የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዋ ደግሞ የዩክሬን ቼርኒሂቭ ያፈራቻት ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ናጋኖ እስከ 2014 ሶቺ አምስት ኦሎምፒክ በተከታታይ ተወዳድራለች፤ ሶቺ ላይ የአገሯን ባንዲራ ይዛ የገባችውም እሷ ናት። የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አልቀናትም። ግን 2009 ቼክ ሊቤሬትስ ላይ፣ በዓለም ሻምፒዮናው የ30 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር፣ ፖላንዳዊቷን ዩስቲና ኮቫልቺክንና አንዲት ሩሲያዊት ተከትላ በ33 ዓመቷ ነሐስ ወሰደች። ያኔ ለሴቶች ረጅሙ ርቀት እሱ ነበር፤ ሁሉም እኩል ተነስተው፣ ዳገቱን በሁለት ዱላ እየገፉ፣ ትንፋሽ እስኪያጥር። ለእኔ ከሜዳሊያው በላይ የሚደንቀኝ 38 ዓመት እስኪሞላት እዚያ ደረጃ ላይ መቆየቷ ነው።