ስለት ከማንሳታችሁ በፊት፦ ሸክላ መቅረጽ ለምትማሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በሙዚየም ውስጥ የሸክላ ዕቃዎችን በመጠገንና በመመዝገብ ነው። ከምትጽፉልኝ ደብዳቤዎች እንደምረዳው፣ ብዙዎቻችሁ የተቀረጸ ሸክላ ፎቶግራፍ አይታችሁ ወዲያው ወደ መቅረጫ መሣሪያ ትሮጣላችሁ። በአሜሪካ፣ በሰሜናዊ ኒው ሜክሲኮ፣ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩ የቴዋ ቋንቋ ተናጋሪ የፑዌብሎ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ሸክላ ሠሪዎች ያስተማሩኝን ልነግራችሁ የወደድሁት ስለዚህ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ ከእነዚህ የቴዋ መንደሮች አንዱ ከሆነው ከሳንታ ክላራ በመጣ አንድ ጥቁር ማሰሮ መዝገብ ላይ «ከተተኮሰ በኋላ በስለት የተቀረጸ» ብዬ ጻፍሁ። የዚያው መንደር ተወላጅ የሆኑ አንዲት አዛውንት ሸክላ ሠሪ ጽሑፌ ሲነበብላቸው ምንም ሳይናገሩ እጄን ያዙና አውራ ጣቴን በቅርጹ ጠርዝ ላይ አስኬዱት። ጠርዙ አልሾለም፤ ክብና ለስላሳ ነበር፤ እንደ ማሰሮው ሆድ ያብረቀርቃል፤ ጎድጎድ ያለው ስፍራ ብቻ ደብዛዛ ነው። ስለቱ ያረፈው ጭቃው ጠንከር ብሎ እርጥበቱን ገና ሳይጨርስ እንደነበረ፣ ከዚያም ጠርዙ ተሞርዶና በድንጋይ ተወልውሎ ወደ እሳት እንደገባ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቅርጹ የሚጀምረው ከስለቱ እጅግ ቀድሞ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ተዘፍዝፎና ተጣርቶ ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ይለወሳል፤ ማሰሮው ያለ መንኮራኩር፣ የጭቃ ጥቅልል በጥቅልል ላይ እየተደራረበ በእጅ ይነሣል። በጥልቀት የሚቀረጽ ዕቃ ግድግዳው ወፈር ማለት አለበት፤ ወፍራም ግድግዳ ደግሞ ቀስ ብሎ ካልደረቀ ይሰነጠቃል። በላዩ የሚቀባው ቀጭን የጭቃ ቅብ ሳይደርቅ በወንዝ ድንጋይ ያለ እረፍት ይወለወላል፤ ይህ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው። ጥቁሩ ቀለምም ቀለም ተቀብቶ የመጣ አይደለም፤ እሳቱ በደቀቀ የፈረስ ፍግ ሲታፈን አየር ያጥረዋል፣ በጭቃው ውስጥ ያለው ብረትም ይጠቁራል። ሳይታፈን ቢተኮስ ያው ማሰሮ ቀይ ሆኖ ይወጣ ነበር።

ከ1904 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. የኖሩት የሳንታ ክላራዋ ማርጋሬት ታፎያ በግዙፍ ማሰሮዎቻቸው ላይ ያኖሩትን የድብ መዳፍ ምልክት ተመልከቱ፤ በድርቅ ዘመን ድብ ሕዝቡን ወደ ውሃ መራ ከሚለው ትውፊት የመጣ ነው። አቫንዩ የተባለው ባለቀንድ የውሃ እባብም እንዲሁ ከዝናብና ከወንዝ ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህን ለራሳችሁ ዕቃ ጌጥ አድርጋችሁ እንድትወስዱ አልመክርም፤ ባለቤቶች አሏቸውና። ይልቅ የማርጋሬት ወንድም የካሚሊዮ ታፎያ ልጆች፣ ጆሴፍ ሎንዉልፍና ግሬስ ሜዲሲን ፍላወር፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያደረጉትን አጥኑ፦ የተወለወለውን ስስ ሽፋን በጥቃቅን ጭረት እየላጡ ከሥሩ ያለውን ፈዛዛ ጭቃ ምስል አደረጉት። በሌላው የቴዋ መንደር በኦህካይ ኦዊንጌ ደግሞ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሸክላ ሠሪዎች የአባቶቻቸውን ፍርስራሽ ስባሪዎች አጥንተው፣ በመስመር የሚጫረውን ጥንታዊ ንድፍ እንደገና አስጀመሩ። እነዚህ ሰዎች አዲስ ነገር ያገኙት ከገዛ መንደራቸው አፈር ነው።

በአገራችንም ጀበናና ምጣድ ያለ መንኮራኩር ይሠራሉ፤ ሠሪዋ ግን ለረጅም ዘመን ተንቃ ኖራለች፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ልትማሩ ስትሄዱ በእርሷ ፊት ተማሪ ሆናችሁ ቅረቡ።

በስለት ተቀርፎ የወጣ ጭቃ ተመልሶ አይለጠፍም። ስለዚህ በሚቀጥለው ደብዳቤያችሁ ምንም ያልተቀረጸበትን፣ በእጃችሁ አንሥታችሁ የወለወላችሁትን ማሰሮ ፎቶግራፍ ላኩልኝ፤ የግድግዳውን ውፍረትና ለመድረቅ የፈጀበትን ቀንም ጻፉልኝ።