የጓዳ ጥያቄ፦ ዓሣው የጣና፣ አሠራሩ የሩቅ አገር

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የተላኩልን ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የቸገራቸው «ይህ ነገር እዚህ አይገኝም፤ በምን ልተካው?» የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ የፔሩ ሰዎች ጥሬ ዓሣ በሎሚ ጭማቂ ዘፍዝፈው ሲበሉ በቪዲዮ አየሁ። ሎሚው ያበስለዋል ይላሉ። በጣና ቆሮሶ ብሠራው ይሆናል? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ በጥሬው አይሥሩት። ምግቡ ሴቪቼ ይባላል፤ በአገሩ የሚሠራው በአብዛኛው በትኩስ የባሕር ዓሣ ነው። የሎሚው አሲድ የዓሣውን ፕሮቲን ስለሚለውጠው ሥጋው ነጣ፣ ጠንከር ይልና የበሰለ ይመስላል። ጥገኛ ትሎችንና ባክቴሪያን ግን እንደ እሳት አይገድልም። በጣና ቆሮሶና አምባዛ ውስጥ ደግሞ ክር መሰል ትሎች መኖራቸው በጥናት የታወቀ ነው። ትሉን በቅዝቃዜ ለመግደል ዓሣው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን መቆየት አለበት። መብራት በሚጠፋበት ቤት የፍሪጅ በረዶ ቤት ይህን ቅዝቃዜ ይዞ ይቆያል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ጣዕሙ ሳይቀር አደጋውን ማስቀረት ግን ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ቀቅለው ከዚያ ሎሚውን ያጠጡት። ግማሽ ኪሎ የቆሮሶ ፊሌቶ ይግዙ። በፊሌቶው መካከል በጣትዎ ሲዳስሱ የሚሻክር የአጥንት መስመር አለ፤ ግራና ቀኙን በቢላ ሰንጥቀው ያውጡት። ሥጋውን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አድርገው ይክተፉ። 1 ሊትር ውሃ በ1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ያፍሉና ዓሣውን ከተው እሳቱን ይቀንሱ። ከ3 ደቂቃ በኋላ አንዱን ቁራጭ ይክፈቱት፤ መሃሉ ሙሉ በሙሉ ነጥቶ በቀላሉ ከተፈረከሰ ደርሷል። በወንፊት አጥልለው ያቀዝቅዙት።

አንድ ቀይ ሽንኩርት እንደ ፀጉር አቅጥነው ከትፈው ጨው ባለበት ቀዝቃዛ ውሃ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ ኃይሉ ይበርዳል። ከዚያ የ5 ወይም 6 ሎሚ ጭማቂ፣ ፍሬው የወጣለት አንድ ቃሪያ፣ አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠልና ጨው ጨምረው ከዓሣው ጋር ይቀላቅሉ። ሎሚውን እስከ መጨረሻው አይጭመቁት፤ ከልጣጩ የሚወጣው ዘይት ያመርረዋል። 15 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ሥጋው ደርቆ ይንኮታኮታል። የሚዘፈዘፍበት ዕቃ ብርጭቆ ወይም ሸክላ ይሁን፤ አሉሚኒየም ከአሲዱ ጋር ስለሚዋሃድ የብረት ጣዕም ይሰጠዋል። ፔሩዎች አብረው የሚያቀርቡት የተቀቀለ ስኳር ድንችና በቆሎ ነው፤ ለእነሱ ቅዳሜ ገበያ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አምባዛ ጭቃ ጭቃ ይሸተኛል ብሎ አይቀምስም። ከወጥና ከጥብስ ሌላ ምን ልሥራለት? (ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ ባለቤትዎ አልተሳሳቱም። ሽታው የሚመጣው በውሃው ውስጥ የሚኖሩ አልጌዎችና ባክቴሪያዎች ከሚያወጡት ጂኦስሚን ከሚባል ነገር ነው። በብዛት የሚከማቸው በቆዳው፣ በሆዱ ስብና በጎኑ በሚሄደው ቀላ ያለ ሥጋ ላይ ስለሆነ እነዚህን ገፈው ይጣሉ። ጂኦስሚን በአሲድ ስለሚፈርስ የቀረውን በ1 ሊትር ውሃና በ3 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ 20 ደቂቃ ዘፍዝፈው ያለቅልቁት። በርበሬ ማብዛት ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

አሠራሩን ከቤንጋል እንዋስ፤ እዚያ ዓሣ በሰናፍጭ ይሠራል። 3 የሾርባ ማንኪያ የሰናፍጭ ፍሬ በለብታ ውሃ 20 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ውሃውን ደፍተው ከ2 ቃሪያና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ይፍጩት። ረጅም ጊዜ ከተፈጨ ይመራል፤ በብሌንደር ከሆነ እያቆሙ፣ በአጭር በአጭሩ ይሁን። ግማሽ ኪሎ አምባዛ በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና በጨው አሽተው በ4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሁለቱንም ጎን ለአንድ አንድ ደቂቃ ብቻ ያገላብጡና ያውጡ። በዚያው ዘይት ላይ ሰናፍጩን ከ1 ብርጭቆ ውሃ ጋር ቀላቅለው ያፍስሱ፤ መንተክተክ ሲጀምር ዓሣውን መልሰው በዝግታ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያብስሉ። በኃይል ከፈላ ሰናፍጩ ይቋጠራል፣ ምሬቱም ይወጣል። በነጭ ሩዝ ይበላል። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም ቤት ስላለ ያንን ለየቤቱ እንተዋለን። ለማይበሉት ይኸው መረቅ ለተቀቀለ ድንችና ለአበባ ጎመን ግሩም ነው።

ጥያቄ፦ ሩዙ ከደጃችን እየተመረተ የቻይናዎቹን ጥብስ ሩዝ ስሠራ ገንፎ ይሆንብኛል። (ከወረታ)

መልስ፦ የፎገራን ሩዝ አይውቀሱት። ገበያ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ስብርባሪ ይበዛዋል፤ የሚያጣብቀውም ከስብርባሪው የሚወጣው ስታርች ነው። በወንፊት ነፍተው ደቃቁን ለሾርባ ያስቀሩት፤ ሙሉውን ውሃው እስኪጠራ 4 ወይም 5 ጊዜ ይጠቡት። ለ1 ብርጭቆ ሩዝ 1 ብርጭቆ ከሩብ ውሃ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወረታም ባሕር ዳርም ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በማሸጊያ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሲያልቅ ሩዙ ጥሬ ሆኖ ይገኛል፤ ሰውም ውሃ ይጨምርበታል፤ ከዚያ ይላቁጣል። መጨመር ያለበት ጊዜ ነው። ክዳኑን ሳይከፍቱ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ያስረዝሙ፤ ካወጡትም በኋላ 10 ደቂቃ እንደተከደነ ይቆይ።

ከዚያ በሰፊ ትሪ ላይ አሳስተው ያስጡት። ሲቀዘቅዝ ወዲያው ፍሪጅ ይግባና በማግስቱ ይጠበስ። ፍሪጅ ከሌለ በዚያው ቀን፣ እንፋሎቱ እንደወጣለት ይጥበሱት እንጂ በድስት እንዳለ አይደር። ሩዝ ላይ ያለ አንድ ባክቴሪያ ዘሩ ከፈላ ውሃ ይተርፋል፤ ሲያድር የሚያወጣውም መርዝ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም።

ለመጥበሻ ብረት ድስት ጥሩ ነው፤ ሙቀት ይይዛል። በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት 2 እንቁላል መትተው ጠብሰው ያውጡ። ሽንኩርት፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በደቃቁ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረው 2 ደቂቃ በኃይለኛ እሳት ያማስሉ፤ ከዚያ ሩዙን ያክሉ። በአንድ ጊዜ ከ2 ሰው በላይ አይጥበሱ፤ ድስቱ ከሞላ ሙቀቱ ይወርድና ሩዙ መጠበሱ ቀርቶ በእንፋሎት ይረጥባል። 1 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ በድስቱ ጠርዝ ዙሪያ ያፍስሱ፤ ሶሱ ራሱ ጨው ስለሆነ ጨውን ቀምሰው በመጨረሻ ይጨምሩ። እንቁላሉንም ያኔ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ሻክሹካ ያለ ኦቨን ይሠራል? (ስልክ መልእክት)

መልስ፦ ሻክሹካ በቲማቲም ስልስ ላይ የሚበስል እንቁላል ስለሆነ ኦቨን አያስፈልገውም። ከ4 ቲማቲም፣ ከ1 ሽንኩርት፣ ከ2 ፍንጭ ነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከ1 የሻይ ማንኪያ ከሙን ወፈር ያለ ስልስ ይሥሩ። ዘይቱ ሲለይ በማንኪያ 4 ጉድጓድ አበጅተው እንቁላል ይስበሩበት። ክዳን ገጥመው፣ ከሰሉን አመድ አልብሰው 6 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ካማሰሉት የእንቁላል ፍርፍር ሆነ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፔዳ አጠገብ ቤት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ነን። ለጾም ፈላፍል (ድቡልቡል የሽምብራ ጥብስ) ሞክረን ዘይት ውስጥ ተበታተነብን። ሽምብራውን በደንብ ቀቅለነው ነበር። (ከፔዳ)

መልስ፦ የበተነው መቀቀሉ ነው። የበሰለ ሽምብራ ስታርቹ አንዴ አብጦ ስላለቀ የሚያያይዝ ነገር አይቀረውም፤ ውሃም ይዟል። ፈላፍል የሚሠራው ተዘፍዝፎ ጥሬውን ከተፈጨ ሽምብራ ነው። ግብፆች በባቄላ ክክ ይሠሩታል፤ ያም ይሆናል። በቦሎቄ ግን አትሞክሩት፤ ጥሬ ቦሎቄ በተለይም ቀዩ በደንብ ካልፈላ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለው።

ሩብ ኪሎ ሽምብራ በብዙ ውሃ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ዘፍዝፉ። የባሕር ዳር ሙቀት ስለሚያኮመጥጠው ውሃውን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀይሩ። አጥልላችሁ በጨርቅ አድርቁት። ብሌንደር ውሃ ካልጨመሩበት አይዞርም፤ ውሃ ከገባ ደግሞ ሊጥ ይሆናል፤ ስለዚህ ሥጋ መፍጫ ወይም ሙቀጫ ይሻላል። ከቅንጬ ትንሽ ላም ሲል አቁሙ። ከትፋችሁ ውሃውን የጨመቃችሁት አንድ ሽንኩርት፣ 4 ፍንጭ ነጭ ሽንኩርት፣ እፍኝ የድንብላል ቅጠል፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙንና ጨው ጨምሩ። አንድ ሰዓት ይረፍ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር የሚገባው ልትጠብሱ ስትሉ ብቻ ነው።

ዘይቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይኑረው። ቁንጣሪ ጣል ስታደርጉ ወዲያው አረፋ እያወጣ ከተንሳፈፈ ደርሷል፤ ወደ ታች ሄዶ ከተቀመጠ ገና ነው። የቀዘቀዘ ዘይት ሁለተኛው የመበተኛ ምክንያት ነው። መጀመሪያ አንድ ብቻ ጠብሳችሁ ሞክሩ፤ ከፈረሰ 2 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት ጨምሩ። ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃዋል።

ማጣቀሻው ታሂና ነው፤ ውድ የታሸገ አትግዙ። አንድ ብርጭቆ ነጭ ሰሊጥ ቀለሙ ሳይቀየር አሙቃችሁ ከ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር እስኪልም ፍጩ። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ስትጨምሩበት ድንገት ይጠጥራል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትድፉት፤ ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እያከላችሁ ስትመቱት ነጥቶ ይላላል።

ጥያቄ፦ የሕንዶቹን አይብ በቆስጣ ለመሥራት በቤት አይብ ሞክሬ ድስቱ ውስጥ ሟሙቶ ጠፋ። (ከዘጌ)

መልስ፦ አልሟሟም፤ ተፈርፍሮ ነው። የእኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ ጥቂት ነው፤ ፍሬ ፍሬውም አይያያዝም። የሕንዶቹ ፓኒር ከትኩስ፣ ካልተገፈፈ ወተት የሚሠራና የሚጫን ነው።

2 ሊትር ወተት እያማሰሉ ያፍሉ። ሲነሳ ከእሳት አውርደው የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ በማንኪያ በማንኪያ ያክሉ፤ 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። አጓቱ ወደ አረንጓዴ ያደላ ጥርት ያለ ሲሆን ያቁሙ፤ ሎሚ ከበዛ ወይም መልሰው ካፈሉት ይደርቃል። በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁ፤ ጠቅልለው 3 ኪሎ ያህል በሚመዝን ነገር ለአንድ ሰዓት ተኩል ይጫኑት። ከዚያ በቢላ ይቆረጣል።

1 ኪሎ ቆስጣ 2 ደቂቃ ቀቅለው፣ ጨምቀው ይክተፉ። ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና እርድ በለጋ ቅቤ አቁላልተው ቆስጣውን ይጨምሩ፤ ቅመም የገባበት ቅቤ የሕንዱን ጣዕም ይውጠዋል። በሕንዶቹ የቅመም ድብልቅ በጋራም ማሳላ ፋንታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ ይሆናል። ፓኒሩ የሚገባው ሊወርድ 3 ደቂቃ ሲቀረው ነው። አጓቱን አይድፉት፤ በውሃ ምትክ የዳቦ ሊጥ ይቦካበታል፤ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል።