ቃል ሲጠፋ

ጥያቄ፦ አባ ይባርኩኝ። ከቁምስናችን ማኅበር ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል እየሄድን ሕመምተኞችን እንጠይቃለን። ባለፈው ሳምንት የአራት ዓመት ልጇ በዚያው ሌሊት ያረፈባትን እናት ኮሪደር ላይ አገኘናት። ጓደኞቼ ጥቅስ አነበቡላት። እኔ አንድም ቃል አልወጣኝም፤ እጇን ይዤ አብሬያት አለቀስኩ። ስንወጣ አንዷ «ልታጽናኚ መጥተሽ አንቺው ታለቅሻለሽ? እምነትሽ የታል?» አለችኝ። አፍሬ ቤቴ ገባሁ። እውነት እምነቴ ደክሞ ይሆን? ማጽናናትስ የካህናት ሥራ ብቻ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ። በዚያ ኮሪደር ላይ ከተደረገው ሁሉ ያቺ እናት የማትረሳው እጇን የያዝሽውን ይመስለኛል።

ይህን ስሕተት በክህነት ዘመኔ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ማጽናናት ንግግር ይመስለናል። ጥቅስ ያላጣ፣ ድምፁ ያልተንቀጠቀጠ ሰው አጽናና እንላለን። ዝም ያለው ባዶ እጁን የተመለሰ ይመስለናል። እኔም አዲስ ካህን ሳለሁ እዚሁ ላይ ወድቄያለሁ። ለቅሶ ቤት ገብቼ፣ ልጇን የቀበረች እናት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ አታልቅሺ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትንሽ ቆይቶ አንዲት የእድር እናት ሞቅ ያለ ውሃና ሳፋ ይዘው ገቡ። ምንም አላሉም። እግሯን አጠቡላት። ነጠላዋን አስተካከሉላት። ከዚያ አጥሚት በኩባያ አምጥተው አፏ ላይ ያዙላት። ከቀብሩ ጀምሮ እህል አልቀምስም ያለችው ሴት ጠጣች። ያን ቀን ያጽናኑት እሳቸው ነበሩ።

ስለ አንድ ካህን ልንገርሽ። ኤሚል ካፓውን ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1916 አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ፣ ፒልሰን በምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር ተወለዱ። የሠራዊቱ ካህን ሆነው ኮሪያ ዘመቱ። በኖቬምበር 1950 ኡንሳን ላይ የቻይና ጦር ሻለቃቸውን ከበበ። ማምለጥ ይችሉ ነበር። ቁስለኞቹን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ፣ ተማረኩም። እየተወሰዱ ሳለ አንድ የቻይና ወታደር፣ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ በወደቀ ሳጅን ላይ ጠመንጃ ደግኖ አዩ። ሄደው ጠመንጃውን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ሳጅኑንም አንስተው ተሸከሙት። ወታደሩ አልተኮሰም።

ካምፑ ውስጥ ብርድና ረሃብ ሰዉን ይጨርሰው ነበር። አባ ካፓውን ቆርቆሮ በድንጋይ እየቀጠቀጡ ድስት ሠሩ፤ በእሱ ውሃ አፍልተው ለታመሙት አጠጡ። ተቅማጥ ያዳከማቸውን ሰዎች የቆሸሸ ልብስ በእጃቸው አጠቡ። ከጠባቂዎቹ ተደብቀው እህል ፍለጋ ሲወጡ ፈያታዊ ዘየማንን አማልደኝ ብለው ይጸልዩ ነበር፤ በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ ማለቴ ነው። ሰርቀው ያመጡትን ለሌላው ያካፍላሉ። ከጎጆ ጎጆ እየዞሩም አጭር ጸሎት ያደርጋሉ። አጭር። በ1951 የትንሣኤ ዕለት በዚያ ካምፕ ጸሎት መሩ። ካቶሊኩም ካቶሊክ ያልሆነውም አብሮ ጸለየ። ለምን ይመስልሻል? የባረካቸው እጅ ልብሳቸውን ያጠበው እጅ ስለሆነ ነው።

በሜይ 23 ቀን 1951፣ በ35 ዓመታቸው፣ በበሽታ ተዳክመው እዚያው አረፉ። (የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በዚያው ወር ነው። አባቶቻችን የረገጡት ምድር ላይ የሆነ ታሪክ ነው።) ከእሳቸው ሞት በኋላ አንድ አይሁዳዊ አብራሪ ተማርኮ እዚያ ካምፕ ገባ። አባን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። እስረኞቹ ስለ እሳቸው የሚያወሩትን ሰምቶ፣ ለመታሰቢያቸው ከእንጨት ስቅለት ቀረጸ። አይሁዳዊ ሰው የክርስቶስን ስቅለት! እስረኞቹ በ1953 ሲፈቱ ይዘውት ወጡ። አገራቸው በ2013 ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳሊያ ሰጠቻቸው፤ እኔን ግን ከሜዳሊያው ይልቅ ያ እንጨት ይነካኛል።

አሁን ወደ እንባሽ ልመለስ። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው ያውቅ ነበር። ታዲያ ለምን አለቀሰ? «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ይላል ዮሐንስ። እምነት እንባን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ በተከለከለ ነበር። የኢዮብን ወዳጆችም አስቢ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል የተናገረው አልነበረም። እስከዚያ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ። አፋቸውን ከፍተው ለምን እንደደረሰበት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው እግዚአብሔር የተቆጣቸው።

ጓደኛሽን አትቀየሚያት፤ ለበጎ ብላ ነው። ግን ተሳስታለች፣ ይህንንም በግልጽ እላለሁ። ቃለ እግዚአብሔር ኀዘንተኛን ዝም ማሰኛ አይደለም። ያቺ እናት ራሷ ጸልዩልኝ ስትል ጸልዩላት፤ አንብቡልኝ ስትል አንብቡላት። «እግዜር ለምን ወሰደብኝ?» ብላ ብትጠይቅሽ «አላውቅም» በያት። ካህንም ብትጠይቅ ከዚህ የተለየ መልስ የለውም።

የካህናት ሥራ ብቻ ነው ወይ ላልሽው፣ ጌታ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለው ለካህናት ለይቶ አይደለም።

ስለዚህ አድራሻዋን ጠይቂና ቤቷ ሂጂ። ድንኳኑ ሲነሣ፣ ሰው ሲቀንስ፣ ያኔ ሂጂ። «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» አትበያት፤ እሷ አሁን የሚያስፈልጋትን የምታውቅበት ልብ የላትም። እንጀራና ወጥ ይዘሽ ግቢ። ያልታጠበ ዕቃ ካለ እጠቢ። ሰዎች እንዳላስታውሳት ብለው የልጁን ስም ይሸሻሉ። አንቺ ግን ስሙን ጥሪው፤ ምን ይወድ እንደነበር ጠይቂያት፣ ታውራሽ። የክርስትና ስሙን ለእኔም ላኪልኝ። እሑድ በቅዳሴ አስበዋለሁ።