የ1950ዎቹ ክፍል፣ የዛሬው ሂሳብ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር አሥረኛ ዓመት ጋብቻችንን ለማክበር ፓልም ስፕሪንግስ፣ ካሊፎርኒያ ሄደን፣ የ1950ዎቹን መልክ ይዛ በቆየች አሥራ ሁለት ክፍል ያላት ሆቴል ሦስት ሌሊት አደርን። በድረ ገጹ ላይ ያየነው ዋጋ ለአንድ ሌሊት 210 ዶላር ነበር። ሂሳብ ስንዘጋ ግን «የሪዞርት ክፍያ» ተብሎ በየሌሊቱ 38 ዶላር ተጨመረብን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኤሲው ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ቬንቲሌተር አምጥቶ «ቤቱ እኮ የድሮ ነው፤ ውበቱም እሱ ነው» አለን። በመጨረሻው ቀን ደግሞ እናቴ የሰጠችኝ የወርቅ ሀብል ከራስጌው ጠረጴዛ ላይ ጠፋ፤ 2,400 ዶላር ያወጣል። ከወጣን ሦስት ሳምንት ሆኖናል። ክፍሉን ያነሳንባቸውን ፎቶዎች አያይዣለሁ። ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከሦስቱ አቤቱታዎችዎ ትንሽ የሚመስለው ጠንካራው ነው፤ ልብዎን የሰበረው የሀብሉ ጉዳይ ደግሞ ደካማው። ስለዚህ ከ38 ዶላሩ ልጀምር፤ በእሱ ላይ ቀን እየተቆጠረብዎት ነውና።

ካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሆቴሎች የሚያስተዋውቁት ዋጋ የግዴታ ክፍያዎችን ሁሉ እንዲያካትት ታስገድዳለች። ተለይቶ ሊቀመጥ የሚችለው የመንግሥት ግብር ነው። ተመሳሳይ የፌዴራል ደንብም ከሜይ 12 ቀን 2025 ወዲህ በመላ አገሪቱ ይሠራል። «የሪዞርት ክፍያ» ለመዋኛና ለመሳሰለው አገልግሎት ነው ይባላል፤ ነገር ግን መዋኛው ውስጥ ገባችሁም አልገባችሁም የሚጠየቅ ገንዘብ የክፍሉ ዋጋ ነው፤ ስሙን ምንም ቢሉት።

ከእነዚህ ሁሉ የቆየ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ድንጋጌ ደግሞ አለ። የግዛቲቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1863 ሆቴሎች የክፍል ዋጋቸውን በእንግዳ መቀበያውም በየመኝታ ክፍሉም ጎልቶ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፉ ያዛል። ከተለጠፈው በላይ የተቀበለ ሆቴል 100 ዶላር ወይም አብልጦ የተቀበለውን ገንዘብ ሦስት እጥፍ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ለእንግዳው ይከፍላል። የእርስዎ 114 ዶላር (38 ዶላር በሦስት ሌሊት) 342 ይሆናል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን በከፈሉ በ30 ቀን ውስጥ ለሆቴሉ አስታውቀው፣ ሆቴሉም አላስተካክልም ሲል ብቻ ነው። የቀረዎት ዘጠኝ ቀን ገደማ ነው።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ። አሥራ አራቱንም አይቻቸዋለሁ። ሮዝ ሸክላ የተለጠፈበት መታጠቢያ ቤት፣ እንደ ጥንቱ መደወያው የሚሽከረከር ስልክ፣ መዋኛው ዳር የተደረደሩት ወንበሮች፤ እውነት ለመናገር እኔንም አስቀንተውኛል። በአሥራ አንደኛው ላይ ግን ከበሩ ጀርባ ሁለት ቢጫ የመታጠቢያ ካባዎች ተሰቅለዋል፤ ከአንደኛው እጅጌ ሥር የክፈፍ ጥግና ደቃቅ ጽሑፍ ይታያል፤ ሕጉ እንዲለጠፍ የሚያዘው የዋጋ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ለእኔ የደረሰኝ ተጨምቆ ደብዝዟል። ከባለቤትዎ ስልክ ላይ ዋናውን ይፈልጉ። ወረቀቱ ላይ 210 ተጽፎ ከሆነ ባለ ሦስት እጥፉ ድንጋጌ ይረዳዎታል። 248 (210 እና 38 ተደምሮ) ከሆነ ግን እሱ አይሠራልዎትም፤ የሚቀርልዎ የሚተዋወቀው ዋጋ ሁሉንም ክፍያ እንዲያካትት የሚያስገድደው ሕግ ብቻ ነው።

ያቺው ወረቀት የሀብሉንም ዕጣ ልትወስን ትችላለች። በቁጥር 1860 መሠረት ሆቴሉ እሳት የማይበግረው ካዝና ካለውና ገንዘብም ሆነ ጌጣጌጥ እዚያ ካልተቀመጠ ኃላፊነት እንደማይወስድ ለእንግዳው ካስታወቀ ወይም ጎልቶ በሚታይ ቦታ ከለጠፈ፣ የራሱ ድርጊት ለጥፋቱ ምክንያት ካልሆነ በቀር አይጠየቅም። (ድንጋጌው የፀጉር ካፖርትንም በስም ይጠራል። በፓልም ስፕሪንግስ በጁላይ ካፖርት ይዞ የሚመጣ እንግዳ አላውቅም።) ካዝና ውስጥ አስቀምጠውት ቢሆን እንኳ፣ ሆቴሉ የጽሑፍ ደረሰኝ ካልሰጠ ጣሪያው 500 ዶላር ነው። ማስታወቂያ ጨርሶ ካልነበረም ሆቴሉ የሚጠየቀው ተገቢውን ጥንቃቄ ካላደረገ ነው፤ ቁጥር 1859 ደግሞ ለእንዲህ ያለው ዕቃ 250 ዶላር ገደብ ያበጃል። 2,400 ዶላሩን ከሆቴሉ ያገኛሉ ብዬ ተስፋ ልሰጥዎ አልፈልግም። የፖሊስ ሪፖርት ካላስመዘገቡ ያስመዝግቡ፤ የቤት ወይም የተከራይ ኢንሹራንስ ካለዎት ከቤት ውጭ የጠፋ ዕቃን ይሸፍን እንደሆነ ውሉን ይመልከቱ።

ስለ ኤሲው፣ የሥራ አስኪያጁን መልስ ሳነብ ስቄያለሁ። ፓልም ስፕሪንግስ ጁላይ 5 ቀን 2024 ሙቀቱ 124 ፋራናይት ደርሶ ታሪካዊ ክብረ ወሰን ያስመዘገበች ከተማ ናት፤ 51 ሴንቲ ግሬድ ማለት ነው። እዚያ ኤሲ እንደ ስልኩ ጌጥ አይደለም። ድረ ገጹ «ኤሲ ያለው ክፍል» ካለ ውሉ እሱ ነው፤ የቤቱ ዕድሜ ውልን አይሽርም። በአሥራ ሁለተኛው ፎቶ የግድግዳው ቴርሞሜትር 94 ፋራናይት ያሳያል፤ ፎቶው የተነሳበት ሰዓት በስልኩ ላይ ተመዝግቧል። ይሁንና እዚያው አድራችኋል፤ ስለዚህ ሙሉውን 630 አይጠይቁ። ለተበላሹት ሁለት ሌሊቶች የዋጋውን ግማሽ፣ 210 ዶላር፣ መጠየቅ ዳኛም የሚቀበለው ይመስለኛል። ሌላ ክፍል ጠይቃችሁ «የለም» ተብላችሁ ከነበረ ያንን መጻፍ አይርሱ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፤ ቁጣ አይኑርበት። ዋጋውን ያዩበትን የስክሪን ፎቶና ደረሰኙን አያይዘው በኢሜይልም በሪኮማንዴም ይላኩ። ደብዳቤውን በሆቴሉ ታፔላ ላይ በሚነበበው ስም ብቻ አይጻፉ፤ እንዲህ ያሉ ሆቴሎች ባለቤት ብዙ ጊዜ በሌላ ስም የተመዘገበ ኩባንያ ነው። በካሊፎርኒያ የመንግሥት ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይፈልጉታል። በክሬዲት ካርድ ከፍለው ከሆነ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከልዎ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ መቃወም ይችላሉ፤ ይህ ከሆቴሉ ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል።

እምቢ ካሉ ሪቨርሳይድ ካውንቲ የአነስተኛ ክርክሮች ፍርድ ቤት አለ። ግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር መክሰስ ይችላል፤ ለእርስዎ ዓይነት ገንዘብ የመዝገብ ማስከፈቻው 30 ዶላር ነው። እዚያ ጠበቃ ቆሞ አይከራከርም፤ እኔም አያስፈልግዎትም። አሁን የሚያስፈልግዎት ያቺ አሥራ አንደኛዋ ፎቶ ናት፤ ዛሬ ማታ አጉልተው ይዩዋት።