ቦንዱ ፖላር፣ ሞለኪውሉ ግን ነን-ፖላር? (ጥያቄና መልስ)

ፈተና ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ወደ ኬሚስትሪ ያደላሉ። የዛሬዎቹ ከባሕር ዳር የመጡ ናቸው፤ አንዱ ግን ከተማሪ አይደለም።

«ውሃም ካርበን ዳይኦክሳይድም ፖላር ቦንድ አላቸው። ታዲያ ውሃ ብቻ ፖላር ሞለኪውል የሚባለው ለምንድን ነው?» (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሽምብጥ)

ጎበዝ! ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ቦንድ አቶሞችን የሚያያይዘው ትስስር ነው፤ ፖላር ማለት ደግሞ አንዱ ጫፍ ትንሽ ነጌቲቭ፣ ሌላው ትንሽ ፖዘቲቭ የሆነ ማለት ነው፤ እንዲህ ካልሆነ ነን-ፖላር ነው። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ አንድ አቶም በቦንዱ ውስጥ ያሉትን የጋራ ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ የመሳብ አቅሙ ነው። በፖውሊንግ መለኪያ ሃይድሮጅን 2.20፣ ካርበን 2.55፣ ኦክስጅን 3.44 ስለሆኑ በሁለቱም ውስጥ ኦክስጅን ያሸንፋል። ይህ ግን የሚነግርህ ስለ ቦንዱ ብቻ ነው። ስለ ሞለኪውሉ ለመናገር ቅርጹን ማየት አለብህ። ካርበን ዳይኦክሳይድ ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለቱ ኦክስጅኖች ከግራና ከቀኝ እኩል ስለሚስቡ፣ ጉልበታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቡድኖች እንደያዙት ገመድ ወዴትም አይሄድም። ውሃ ግን 104.5 ዲግሪ ላይ የታጠፈ ስለሆነ ስበቶቹ ይደመራሉ፤ በኦክስጅን በኩል ትንሽ ነጌቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ትንሽ ፖዘቲቭ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅርጹን ሣል፣ ቁጥሩ ከዚያ ይደርሳል።

«የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ልዩነቱ ከ1.7 ከበለጠ አዮኒክ ነው ተብለናል። ሃይድሮጅን ፍሎራይድስ?» (የክፍል ጓደኛው)

ፍሎሪን 3.98 ነው፤ 2.20 ሲቀነስ 1.78። ሆኖም ሃይድሮጅን ፍሎራይድ አዮኒክ (ኤሌክትሮን ከአንዱ አቶም ወደ ሌላው የሚያልፍበት) ሳይሆን ፖላር ኮቫለንት (ኤሌክትሮኖቹን ሳይመጣጠኑ የሚጋሩበት) ነው፤ የሚፈላውም 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይሞላ ነው። አዮኒክ የሆነው የገበታ ጨው ግን ለመቅለጥ ብቻ 801 ዲግሪ ይፈልጋል። 1.7 መገመቻ እንጂ አጥር አይደለም።

«ቆረሶ አሣ ስጠብስ ውሃ ጠብ ካለበት ዘይቱ ይፈነጣጠራል። ለምን አይዋሃዱም?» (ከጣና ዳር፣ አሣ ጠባሽ)

እርስዎ የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። የማይዋሃዱት በፖላሪቲ ምክንያት ነው። ዘይት በአብዛኛው ረጅም የካርበንና የሃይድሮጅን ሰንሰለት ነው፤ የሁለቱ ልዩነት 0.35 ብቻ ነው። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ዘይቱን ከመሃላቸው ያስወጡታል። መፈናጠሩ ግን የሙቀት ጣጣ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የመጥበሻ ዘይት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ጠብታዋ ከዘይቱ ስለምትከብድ ወደ ታች ትሰምጥና ባንዴ እንፋሎት ሆና ዘይቱን ይዛው ትወጣለች። አሣውን ከመጨመርዎ በፊት በደንብ ያድርቁት።

«ካርበን ዳይኦክሳይድ ነን-ፖላር ከሆነ አምቦ ውሃ ውስጥ ምን ይሠራል?» (ስም የለውም)

ግፊት ነው የያዘው። ጥቂቱ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይቀንሳልና ጋዙ ይወጣል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጠርሙስማ ይብሳል፣ ወደ ሰው አዙረህ እንዳትከፍተው።